በቀን ስንት ቃል ልጻፍ ላልሽኝ ልጅ፣ ለጓደኞችሽም

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። "ጋሼ፣ በቀን 500 ቃል ይሻለኛል ወይስ 1000? ፈረንጆቹ 1667 ነው የሚሉት፣ እኔ ሦስት ቀን ሞክሬ አቃተኝ፣ ለመጻፍ አልተፈጠርኩም ማለት ነው?" አለችኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት ጀመርኩና ተውኩት። ያቺ "አልተፈጠርኩም ማለት ነው" ያለችው ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ጠዋት ተነስቼ ከአልጋ ስር ያለውን ካርቶን ጎትቼ አንድ ደብተር አወጣሁ። ስለዚህ ደብተር ለማንም አውርቼ አላውቅም፣ ለባለቤቴም።

መጀመሪያ ስለ 1667 ልበልና ልለፈው። በፈረንጆቹ 1999 አሜሪካን አገር የተጀመረ ውድድር ነገር ነበር፣ በኖቬምበር 30 ቀን ውስጥ 50,000 ቃል መጻፍ፣ ለ30 ስታካፍሉት 1667 ይመጣል። ግን የእንግሊዝኛ ቃል ነው እኮ! እኛ "አልነገርኳቸውም" ብለን በአንድ ቃል የጨረስነውን እነሱ አምስት ቃል ያወጡበታል። "ስላልመጣችልኝ" በሉ እስቲ፣ በእንግሊዝኛ አስቡት። ስለዚህ አማርኛ የሚጽፍ ልጅ የእነሱን ቁጥር እንዳለ ወስዶ አቃተኝ ሲል ራሱን በማይሆን ሚዛን ነው የመዘነው። ደግሞ ስልኩ የሚቆጥረው ክፍተት ነው፣ "ስለሆነ" አንድ፣ "ስለ ሆነ" ሁለት። ቁጥሩ እንዲሞላለት ቃል እየነጣጠለ የሚጽፍ ልጅ አይቻለሁ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

አሁን ወደ ደብተሩ።

በ1986 መጨረሻ ላይ ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ አነበብኩ፣ አንቶኒ ትሮሎፕ ይባላል፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይጽፋል፣ ስንት ገጽ እንደጻፈም በየቀኑ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ በዚህ ዓይነት 47 ልብ ወለድ ጻፈ። እኔም የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፣ ጋዜጠኛ፣ እድሜዬ 36፣ ልብ ወለድ እጽፋለሁ እያልኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። በቃ ይሄ ነው መድኃኒቱ አልኩ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ፣ በማስመሪያ ሦስት አምድ አሰመርኩ፣ ቀን፣ ገጽ፣ ውዝፍ። በቀን 3 ገጽ። ያልጻፍኩት ወደ ነገ ይተላለፋል፣ ልክ እንደ ግብር።

መስከረም 1 ቀን 1987 ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሠራ! ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳሁ እስከ ኅዳር 12 ድረስ 72 ቀን፣ 209 ገጽ። ውዝፍ 7 ብቻ። በሕይወቴ እንደዛ ጽፌ አላውቅም። ታይፕ ክፍል የነበሩት እትዬ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ገጹን በእጃቸው ይዘው ሳያነቡ "ይቺ አንድ አምድ አትሞላም" የሚሉ ሴት ነበሩ፣ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም፣ ጋዜጣ ላይ ቦታ ጎደለ ሲባል አዘጋጁ ሁሉ እሳቸው ጋ ነበር የሚሮጠው። የዛን ጊዜ ፊትህ አምሮበታል ምን አገኘህ ብለውኛል። ይሄን የማነሳው ቁጥር አይረባም እንዳትሉኝ ነው። ከወንበሩ ጋር ያስታረቀኝ ቁጥር ነው።

ኅዳር 13 እናቴ ለሕክምና ከመንዝ መጣች።

ጉበቷ ነበር። ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጡንም። እኔ ቤት፣ ጉለሌ፣ ሳሎኑ ውስጥ አልጋ ዘረጋንላት፣ ሌሊት የማስታምመው እኔ ነበርኩ፣ ባለቤቴ ቀን ትይዛለች። እናቴ ወሬ የማታበዛ ሴት ነበረች፣ እድሜ ልኳን ሱፍ ስትፈትል እንጂ ስትናገር አላስታውሳትም፣ ባናው፣ በርኖሱ፣ ብርዱ፣ እሱ ነበር ኑሮዋ። ሕመሙ ሲጠናባት ግን እንቅልፍ እምቢ አለና መናገር ጀመረች። ጣልያን ሲመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ጫካ ላሉት አርበኞች ስንቅ የሚያደርሱት ልጆች ነበሩ፣ ትልቅ ሰው ይፈተሻላ። ቆሎውን በጨርቅ ቋጥረው እንስራ ውስጥ ይከቱና ውሃ ልንቀዳ ነው ብለው ይወርዳሉ። እንስራው ባዶ እንዳይመስል እንዴት አጎንብሳ እንደምትሄድ አልጋ ላይ ሆና በትከሻዋ አሳየችኝ። በዛች ትከሻ።

እኔም እጄ አላርፍ ብሎ እየጫርኩ ነበር። ፋርማሲ ክኒን የሚሰጡበት ትንንሽ የወረቀት ከረጢት ላይ፣ ቢሮ ያመጣሁት የመግለጫ ወረቀት ጀርባ ላይ። አነጋገሯን እንዳለ፣ እኛ የማንጠቀምባቸውን ቃላት እንዳለ። ማታ ማታ ደግሞ ደብተሩን እገልጥና "ገጽ" በሚለው ስር 0 እጽፋለሁ። ለምን መሰላችሁ፣ የምጽፈው መጽሐፍ ስለ አዲስ አበባ ነው፣ ስለ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው፣ የእናቴ ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ አይቆጠርም። 41 ቀን፣ 41 ዜሮ። አንዳንድ ሌሊት እያወራችኝ በልቤ ውዝፉን እደምር ነበር። ይሄን ስጽፍ እንኳን አሁን ያመኛል።

ታህሳስ 23 አረፈች። የእድሩ ድንኳን ተተከለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ገባ፣ ሳሎኑ ለለቀስተኛ መለቀቅ ስላለበት አልጋው ወጣ፣ ራስጌው አጠገብ የነበረው ወረቀትም አብሮ ወጣ። ከሰል ማያያዣ ሆነ። ማንንም አልከስም፣ የመድኃኒት ከረጢትና የተጫረ ወረቀት ምን ይመስላል? እኔ ራሴ ቆጥሬው የማላውቀውን ነገር እነሱ እንዴት ይወቁልኝ። ጥር 3 ደብተሩን ስገልጥ ውዝፍ 160 ገጽ ይላል። በየቀኑ አንድ ገጽ ብጨምር እንኳን ለማጽዳት ከአምስት ወር በላይ ነው። ሁለት ሳምንት ሞከርኩ፣ ስድስት ስድስት ገጽ። ከዛ ያነበብኩት እለት የመጽሐፌ ሰዎች ግማሽ ገጽ ሙሉ እንደምን አደርክ እግዚአብሔር ይመስገን ሲባባሉ አገኘኋቸው። አቆምኩ። ያን መጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ ከጋዜጣው ሥራ ውጪ አሥራ አንድ ዓመት አንድም ነገር አልጻፍኩም። አልተፈጠርኩም አልኩ፣ ልክ እንዳንቺ፣ በዛው ቃል።

ብዙ ቆይቼ ስለ ትሮሎፕ እንደገና ሳነብ ያኔ የዘለልኩት ነገር ነበረ። ሰውየው ግቡን የሚያወጣው በሳምንት ነው፣ በአማካይ 40 ገጽ፣ ግን ሌላ ሥራው ሲከብድ እስከ 20 ያወርደው ነበር፣ ሲቀለው 112 ደርሷል። ያ ሁሉ የሚያስፈራ ሥርዓት ውስጡ መላወሻ ነበረው። እኔ ሰዓቱን አየሁ፣ መላወሻውን አላየሁም።

እና ምን ልበልሽ። አንብቢ፣ ስልክሽን ዝጊ የሚለውን ሁሉም ይነግርሻል። እኔ የምለው ግቡን በሳምንት አድርጊው፣ ትንሽ አድርጊው፣ በአማርኛ በቀን 200 ቃል ለጀማሪ አያንስም፣ ሰኞ ሲመጣ ደግሞ ያለፈው ውዝፍ ይሰረዝ። እውነቴን ነው፣ ይሰረዝ። ማስታወሻም ይቆጠር፣ ለጓደኛ የተጻፈ ረጅም ቴክስትም ይቆጠር። አንዳንድ ቀን እንዲያውም ጨርሶ አትቁጠሩ ማለት ያምረኛል፣ ግን እኔ ራሴ ዛሬ ጠዋት ቆጥሬያለሁ፣ ካልቆጠርኩ አልቀመጥም፣ ስለዚህ ይሄን ምክር ልሰጣችሁ አልችልም።

የዛሬ ልጆች ላይ አንድ የማይገባኝ ነገር ቢኖር የቁጥሩን ስክሪንሾት ነው። ዛሬ 1200 ቃል ጻፍኩ ብሎ ይለጠፋል፣ ስለ ምን እንደጻፈ ግን አንድ መስመር የለም። አሁን ደግሞ ኤአይ የሚሉት ማሽን በደቂቃ 1000 ቃል ይሰጣችኋል፣ ታዲያ ቁጥሩ ብቻውን ምን ሊነግረን ነው? ልወቅሳችሁ ብዬ አይደለም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ በስልክ እንደምትጽፉ አውቃለሁ፣ እኛ ቢያንስ ጠረጴዛ ነበረን። ብቻ ከቁጥሩ ጎን አንድ አምድ ጨምሩ፣ "ስለ ምን" የሚል። ዜሮም ከሆነ፣ ያን ቀን ምን እንደሰማችሁ ጻፉበት። የእኔ ደብተር ላይ ያ አምድ የለም።

ታህሳስ 4 የሚለው መስመር ላይ 0፣ ውዝፍ 73 ይላል። ያን ሌሊት አውቀዋለሁ። ወንዙ ሞልቶ እሷና አንዲት ጓደኛዋ እንስራቸውን እንደያዙ ማዶ ያደሩበትን የነገረችኝ ያን ሌሊት ነው። ቆሎውን እንዳልነኩት፣ ሲነጋ ልጅቷ ምን ብላ እንዳሳቀቻት ነግራኛለች፣ ከረጢቱ ላይ ጽፌው ነበር። ምን እንዳለች ጠፍቶኛል። የልጅቷም ስም።