ስለ ሱዳን ዘፈን ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ስለ ሱዳን ዘፈን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው እንደ ጎርፍ መጣ። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፦ ካርቱም ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሥራዬ መኪና ጥገና ነበር። ጋራዡ ውስጥ ቴፑ ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም፤ ዘፈኑንም አረብኛውንም አብሬ የተማርኩት እዚያው ነው። ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።

ከጎንደር፦ ጋሼ፣ እኔ አረብኛ አልሰማም። የግብፅ ዘፈን ሲከፈት ምንም አይለኝም፤ የሱዳን ሲከፈት ግን ትከሻዬ አልቀመጥ ይላል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ቅኝቱ ነው ልጄ። የግብፅና የሶሪያ ዘፋኞች የሚጠቀሙበት ማቃም የሚባለው ስልት፣ ፒያኖ ላይ በሁለት ቁልፎች መሃል የሚወድቁ ድምፆች አሉት። የእኛ ጆሮ እነሱን አልለመደም። የመካከለኛውና የሰሜን ሱዳን ዘፈን ግን እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው። በተለይ ከትዝታ ሜጀር ጋር በጣም ይቀራረባል። አንቺሆዬና አምባሰል ላይ የምንሰማቸው የተጠጋጉ ድምፆች እዚያ ብዙም የሉም። ስለዚህ ቃሉን ባትሰማም ዜማው ወዴት እንደሚያመራ ጆሮህ ቀድሞ ያውቀዋል።

በሱዳን ሰሜን ጫፍ፣ ኑቢያ ውስጥ ደግሞ ተምቡር የሚሉት ባለ አምስት አውታር መሣሪያ አለ። መጀመሪያ ሳየው ክራር መስሎኝ ባለቤቱን በአማርኛ ነው ያናገርኩት!

የሱዳን ዘፈን ከእኛም ሌላ ቻድና ሰሜን ናይጄሪያ ድረስ ብዙ ወዳጅ አለው።

ከሪያድ፦ እኔ በስም የማውቀው መሐመድ ዋርዲን ብቻ ነው። ሱዳኖቹ ስሙ ሲነሳ ዝም ብለው ያዝናሉ። ማን ነበር?

እህቴ፣ ስለ እሱ ካነሳሽብኝ አልጨርስም። ዋርዲ በ1932 ሰሜን ሱዳን፣ ሳዋርዳ በምትባል የኑቢያ መንደር ተወለደ። አፉን የፈታው በኑቢያ ቋንቋ ነው። መጀመሪያ አስተማሪ ነበር፤ በ1957 ከካርቱም ከወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ የሚገኘው ኦምዱርማን ሬዲዮ ገባና ከዚያ በኋላ ያቆመው የለም።

በጥቅምት 1964 ሕዝቡ ተነስቶ የጄኔራል አቡድን ወታደራዊ መንግሥት ሲጥል፣ የዚያን ቀን ስሜት በዘፈን ያስቀረው እሱ ነው። በ1971 በፕሬዚዳንት ኒሜሪ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታሰረ። ኦማር አል በሽር ሥልጣን ከያዘበት ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ደግሞ አገሩን ትቶ ወጣ፤ የተመለሰው በ2002 ነው። በየካቲት 2012 ካርቱም ውስጥ አረፈ።

በስደቱ ዘመን፣ በ1994፣ አዲስ አበባ መጥቶ ዘፍኗል። ቅጂው ዛሬም ይገኛል። ያንን ቅጂ ስትሰሚ፣ በራሱ አገር መዝፈን ያልቻለ ሰው ጎረቤት አገር ላይ ቆሞ እንደሚዘፍን አስታውሺ።

የጋራዡ አለቃዬ ዋርዲ ሲጀምር መፍቻውን ያስቀምጥ ነበር። እጁን በጨርቅ ይጠርግና አንድ ስንኝ ያቆማል፤ «ይሄ ግጥም የእገሌ ነው» ይለኛል፤ ከዚያ ትርጉሙን ይነግረኛል። ብዙ ሱዳኖች እንደዚህ ናቸው። ዘፋኙን ብቻ አይጠሩም፤ ገጣሚውንም ዜማ ደራሲውንም በስም ያውቁታል። እኛ አገር ስንቱ የግጥም ደራሲ ስሙ ሳይነሳ ቀርቷል! በዚህ ነገር እቀናባቸዋለሁ።

በሚያዝያ 2019 ወጣቶቹ ካርቱም ጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ሲቀመጡ የዋርዲን የ1960ዎቹን ዘፈኖች ይዘፍኑ ነበር። አያቶቻቸው በጎረምሳነታቸው የሰሙትን ማለት ነው።

ከባሕር ዳር፦ «ሃቂባ» የሚባል ዘፈን እሰማለሁ። ቃሉ ቦርሳ ማለት አይደል እንዴ?

ልክ ነህ፣ ቦርሳ ነው። ዘፈኑ ግን ከስሙ ይቀድማል። በ1920ዎቹ ኦምዱርማን ውስጥ አንድ ዘፋኝ ያወጣል፣ ተቀባዮች ይቀበሉታል፤ መሣሪያው ጭብጨባና ከበሮ ብጤ ብቻ ነው። አብደል ከሪም ከሩማ የዚህ ዘፈን ትልቁ ስም ነው። በ1940 እንግሊዞች ለጦርነቱ ቅስቀሳ ብለው ኦምዱርማን ሬዲዮን ከፈቱ። በ1950ዎቹ አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ የድሮ ሸክላዎችን በቦርሳ ይዞ እየገባ ያሰማ ነበር፤ ፕሮግራሙ «የጥበብ ቦርሳ» ተባለ፤ ስሙ ለዘፈኑም ሆነ።

ከዚያ ዘመን ኸሊል ፈራህን ሳትሰማ እንዳታልፍ። ዓዛ የምትባል ሴትን የሚያሞግስ ዘፈን አለው። ላይ ላዩን ፍቅር ነው። ጊዜው ግን በ1924 የነጭ ባንዲራ ማኅበር በእንግሊዝ ላይ ተነስቶ የተመታበት ጊዜ ነው፤ ዓዛም ሱዳን ናት። ሰምና ወርቅ ላደገበት ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ከአዳማ፦ ሴት ዘፋኞች የሉም እንዴ?

ሞልተዋል! እንዲያውም ሙዚቃው መጀመሪያ የሚኖረው ሴቶቹ ዘንድ ነው። «የልጃገረዶች ዘፈን» የሚባል አለ፤ ደሉካ በምትባል የሸክላ ከበሮ የሚዘፈን፣ በሙሽራ ቤት የሚደምቅ። ግጥሙ ደፋር ነው፤ የጎረቤት ወሬም የናፍቆትም የኑሮ ውድነትም ይገባበታል።

በሬዲዮ ከዘፈኑት ቀዳሚዋ ዓይሻ አል ፈላቲያ ናት፤ በ1940ዎቹ። ሴት ልጅ በሬዲዮ መዝፈኗ ነውር በሚባልበት ጊዜ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሱዳን ወታደሮችም ዘፍናላቸዋለች። ከዚያ በ1971 ሦስት የኑቢያ እህትማማቾች፣ ሃዲያ፣ አማልና ሐያት፣ አል በላቢል ብለው ተነሱ። ሦስቱ ድምፃቸው ሲገጥም አንድ ሰው ሦስት ጉሮሮ ያለው ይመስላል።

ከመተማ፦ ሱዳን ሰርግ ላይ ወንዶቹ እጃቸውን አንስተው ጣታቸውን የሚያጮሁት ለምንድን ነው?

«ተብሺር» ይሉታል። ደስታን መግለጫ፣ አድናቆትም ነው። መጀመሪያ ያየሁት ኦምዱርማን፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አቧራው በውሃ ተረጭቶ፣ ወንበሩ ተደርድሮ። ዘፋኙ አንድ የቆየ ዘፈን ሲጀምር ነጭ ጀላቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ለልጅ ሰጥተው ተነሱ። ቀስ ብለው መድረኩ ጋ ሄዱ፣ ቀኝ እጃቸውን ከዘፋኙ ራስ በላይ አነሱና ጣታቸውን በምቱ ልክ ጧ፣ ጧ አደረጉ። ዘፋኙ ጎንበስ አለላቸው። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ተቀመጡ። ለእኔ ከሽልማት ገንዘብ ይበልጣል።

ከዋሽንግተን፦ የሱዳን ጃዝ የሚባለው ከአሜሪካው ጋር ይገናኛል?

ብዙም አይደለም። ጊታር፣ ሳክስፎንና ድራም ያለበትን የዳንስ ባንድ ነው ጃዝ የሚሉት። ንጉሡ ሻርሃቢል አሕመድ ነው። ባለቤቱ ዘኪያ አቡልቃሲም ባንዱ ውስጥ ጊታር ትጫወት ነበር፤ በሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ጊታሪስት ናት።

ከአዲስ አበባ፦ ጎረቤቶቼ ከጦርነቱ ሸሽተው የመጡ ሱዳኖች ናቸው። ዘፋኞቻቸው በፊትም ይሳደዱ ነበር ወይስ አሁን ነው?

በፊትም ነበር። ከ1989 በኋላ መንግሥቱ ዘፈንን በክፉ ዓይን ነበር የሚያየው። በ1994 ኸውጃሊ ዑስማን የተባለ ተወዳጅ ዘፋኝ፣ ኦምዱርማን በሚገኘው የሙዚቀኞች ክበብ ውስጥ በስለት ተወግቶ ተገደለ። አለቃዬ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይሰበር ነበር።

ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ሲጀመር ደግሞ የኦምዱርማን ሬዲዮ ሕንፃ ከሠራዊቱ ጋር በሚዋጋው በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀ። ሠራዊቱ መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ድምፅ ሲቀዳበት የኖረ ቤት አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው የጦር ሜዳ ሆነ። እነዚያን ካሴቶችና የድምፅ ክሮች ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጎረቤቶችሽን ለቡና ጥሪያቸው። ዋርዲን በስልክሽ ክፈቺና ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠይቂያቸው። ስኒው ሳይነሳ ሦስተኛው ይደርሳል።