የታይመር ድራይቨር ማስተካከል የት ያደርሰኛል?

እህቴ፣ የኮምፒውተር ምህንድስና ተመራቂ ተማሪ ነሽ። ለሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ፓች፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያ፣ ልከሻል፤ አንድ የታይመር ድራይቨር (የጊዜ ቆጣሪውን ሃርድዌር የሚያንቀሳቅስ ኮድ) መነሳት ሲያቅተው ያበራውን ክሎክ (ለሃርድዌሩ ምት የሚሰጠውን ሲግናል) ሳያጠፋ ይወጣ ነበር። ፓቹ ሁለት ጊዜ «አስተካክይ» ተብሎ ተመለሰ። ክፍያሽን የሚችለው ወንድምሽም «ለማይከፍል ነገር አትልፊ፣ ዌብ ልመጂ» ይልሻል። ፓቹን «ትንሽ ነገር ናት» ብለሽ፣ ይሄ ሙያ ይሆናል ወይ፣ ማስተርስስ ልቀጥል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

ይሆናል። «ትንሽ ነገር ናት» ያልሽው ግን ከንክኖኛል።

ታይመሩ ሲነሳ የሬጂስተሮቹ (የሃርድዌሩ መቆጣጠሪያ ቦታዎች) አድራሻ ማፕ ይደረጋል፣ ማለትም ከርነሉ እንዲደርስበት ይያያዛል፣ ክሎኩ ይበራል፣ ኢንተራፕት (ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) ይጠየቃል። ሦስተኛው እምቢ ካለ የቀደሙትን ከኋላ ወደ ፊት መፍታት ነው፤ ክሎኩን ማጥፋት፣ ማፑን መልቀቅ፣ የስህተት ኮዱን መመለስ። ክፍል ውስጥ የሚወገዘው ጎቱ (goto፣ ወደ ሌላ የኮድ ቦታ የሚያዘልለው ትዕዛዝ) ከርነል ውስጥ የሚከበረው ለዚህ ነው። ፍተሻውም ወጥመድ አለው። ማፕ የሚያደርገው ፈንክሽን ካልተሳካለት ነል (NULL፣ ባዶ አድራሻ) ይመልሳል። ክሎክ የሚያመጣው የስህተት ኮዱን ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ዋጋ) ውስጥ ይደብቃል። ከዲቫይስ ትሪ (የቦርዱን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚገልጽ ፋይል) የኢንተራፕት ቁጥር የሚያወጣው ደግሞ ካልተሳካለት ዜሮ ይመልሳል። እሱን «ከዜሮ ያንሳል ወይ» ብለሽ ከፈተሽሽ ስህተቱ አጠገብሽ ያልፋል። ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል፣ ቦርዱ ቡት ላይ ቀጥ ይላል። ታይመሩ ከኮንሶሉ (መልዕክት ከሚታይበት ስክሪን) ቀድሞ ስለሚነሳ አንዳንዴ አንድ መስመር እንኳ አይታይም። የታይመር ድራይቨሮቹ ማስጀመሪያ ፈንክሽኖች የስህተት ኮድ እንዲመልሱ የተቀየሩት እኮ በ2016 ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ወይ ዝም ይሉ ነበር ወይ ከርነሉን ፓኒክ ያደርጉት (ሙሉ በሙሉ ያስቆሙት) ነበር።

ዕድሜያችንን ቦርድ ስናስነሳ የኖርን ሰዎች፣ አዲስ ሰው ስንቀጥር መጀመሪያ የምናነበው ነገሩ ሲበላሽ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ነው። አንቺ እሱን ሳትመረቂ ጀምረሽዋል።

ወንድምሽ ስለ ገንዘቡ እውነት አለው፤ ለጀማሪ የከርነል ቦታ ጥቂት ነው። ግን ክፍያ የቻለ ሰው ሙያ አይመርጥልሽም። ይህን በአክብሮት፣ ፊት ለፊት ንገሪው። የዌብ ሥራ ከመጣ ለወጪሽ ያዢው፣ ማመልከቻሽን ግን ወደ ፈርምዌርና ኢምቤድድ (ዕቃዎች ውስጥ ለሚገቡ ኮምፒውተሮች ኮድ የሚጻፍባቸው) ቦታዎች ላኪ።

ማስተርሱ ይቆይ። ሲቪሽ ላይ የፓቹን ሊንክ ከላይ አድርጊው።

አሁን ሦስተኛውን ቨርዥን ላኪ። ከዲቫይስ ትሪው ላይ ኢንተራፕቱን ሆን ብለሽ አጥፊና የስህተት መንገዱ እንደሚሠራ አረጋግጪ። ችግሩን ያመጣውን ኮሚት (በኮዱ ታሪክ ውስጥ የተመዘገበውን ለውጥ) ቢያንስ በ12 የሀሽ (መለያ ቁጥሩ) ፊደላት ጥቀሺ፣ በፓቹ ኢሜይል ውስጥ ካሉት ሦስት ሰረዞች (---) በታች ምን እንደቀየርሽ ጻፊ። ሪቪወሩ (ፓቹን የገመገመው ሰው) ካነሳው ነጥብ አንዱም ሳይመለስ እንዳይቀር።