ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «እኔን!» ለራስም ይባላል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የጅምላ መደብር ገንዘብ ያዥ ነኝ። 27 ዓመቴ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት 6,000 ብር በቴሌብር በተሳሳተ ቁጥር ላክሁ። አሠሪዬ «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» ብለው ቀስ እያልኩ እንድከፍል ተስማማን። እኔ ግን ሌሊት እየነቃሁ «ደደብ! አንቺ ምን ይሳካልሻል?» እላለሁ። አሁን ሦስቴ ቆጥሬም እሳሳታለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል። ብሩ የጠፋባቸው ሰው ይቅር ብለውሻል። አንቺ ግን በየሌሊቱ ፍርድ ቤት ትቆሚያለሽ።

ሦስቴ ቆጥረሽ የምትሳሳቺው ደደብ ስለሆንሽ አይደለም። ሰውነታችን ስድብን እንደ አደጋ ነው የሚቀበለው፤ ተሳዳቢዋ አንቺው ብትሆኚም። ልብ ይመታል፣ እንደ ኮርቲሶል ያሉ የጭንቀት ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ ሐሳብ ይበታተናል። እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት ቁጥር ከየት ይያዝ?

አብዛኞቻችን በኩርኩም ስለተማርን፣ ራሳችንን ካልገሠጽን የምንዘናጋ ይመስለናል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ከባድ የቃላት ፈተና ካቃታቸው ተማሪዎች መካከል ለራሳቸው እንዲራሩ የተነገራቸው፣ ለቀጣዩ ፈተና ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ አጠኑ። እኔም በሥራዬ የማየው ይህንኑ ነው። የሚሰደብ ሰው ስህተቱን ይሸሸዋል፤ ቀርቦ አያየውም።

መንገድ ላይ የተደናቀፈ ሰው ስናይ፣ ባናውቀውም «እኔን!» እንላለን። ዛሬ ሌሊት ስድቡ ሲመጣ ይህንኑ ቃል ለራስሽ በዪ። ድምፅ አውጥተሽ። መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ግድ የለም። ከሰው ስህተት ከብረት ዝገት አይጠፋም።

ጠዋት ደግሞ ወረቀት ይዘሽ ያን ቀን ጻፊው። ስንት ሰዓት ነበር? ምሳ በልተሽ ነበር? ደንበኛ እያጣደፈሽ፣ ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ ነበር? ቁጥሩን ከወረቀት ነው ወይስ ሰው ሲነግርሽ የመታሽው? መንስኤው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ ለነገ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ፤ ለምሳሌ ፒን ከማስገባትሽ በፊት የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ጮክ ብለሽ ማንበብ።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። እንቅልፍ ካጣሽ ሦስት ሳምንት ሆኖሻል። ምግብ ካስጠላሽ፣ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት ካለፈ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ፣ የምታምኚውን ሰው ይዘሽ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።