ማዘጋጃ ቤት የተወለደው ጣቢያ፦ ስለ ኢቲቪ የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ድሮ ቴሌቪዥን ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። የዋዛ መስሎኝ። ጥያቄው ጎረፈ። ሁሉንም ልመልስ ብል መጽሐፍ ሊወጣው ነው። የተደጋገሙትን ብቻ መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ኢቲቪ የተጀመረው መቼ ነው? እኔ 1957 እላለሁ፣ ጓደኛዬ 1964 ይላል። በምሳ ተወራርደናል።»

ምሳውን ግማሽ ግማሽ ክፈሉ፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጓደኛህ የፈረንጁን ነው የያዘው። ቀኑ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 2 ቀን 1964። ጥቅምት 23 ደግሞ እንዲሁ የተገኘ ቀን አይደለም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ነው፤ ያን ዓመት 34ኛው። ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በሥራው አግዟል።

ስቱዲዮው የነበረው ማዘጋጃ ቤት ነው። አዎ፣ ያው ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ቁጭ ብሎ ከተማውን ቁልቁል የሚያየው ሕንፃ። የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለ ጣሊያናዊ ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽም የእሱ ሥራ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ያኔ ገና አዲስ ነበር።

የበዓሉን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ «ከኢቲቪ በፊት ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ነው?»

አስመራ ነበር። ቃኘው ጦር ሰፈር የነበሩት አሜሪካውያን ለራሳቸው ወታደርና ቤተሰብ የሚያሰራጩት ጣቢያ ነበራቸው። ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ፕሮግራሙም የአገራቸው። ለእኛ ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው ግን ኢቲቪ ነው።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ አባባ ተስፋዬን ልጆቼም የልጅ ልጄም አይተዋቸዋል። ልጁ ግን ‹አንድ ሰው ይሄን ያህል ዘመን አንድ ፕሮግራም አይሠራም› ብሎ ይሟገተኛል። እስቲ ዳኘን።»

እማማ፣ እርስዎ ረትተዋል። ተስፋዬ ሳህሉ የልጆችን ፕሮግራም የመሩት 42 ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾቻቸው አድገው፣ አግብተው፣ ወልደው ልጆቻቸውን እዚያው ስክሪን ፊት አስቀምጠዋል። ወደ ቴሌቪዥን ሲመጡም ጀማሪ አልነበሩም። የቴአትር መድረክ ላይ ያደጉ ናቸው። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን እሳቸው ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ይሄንን ለልጅ ልጅዎ ይንገሩት፤ ይሄኛውንም አያምንም። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

ስለ እሳቸው ሲነሳ እኔም ዝም ማለት አልችልም። እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም። የምናየው ጎረቤት፣ እትዬ ቤት ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። እትዬ አጎንብሰው ተረከዝ ያያሉ፤ እግሩን ያልታጠበ ልጅ ወደ ቧንቧ ይመለሳል። ቴሌቪዥኑ አራት እግር ያለው፣ ዳንቴል የለበሰ ነው። ዳንቴሉን ከእሳቸው በቀር ማንም አይገልጠውም። አባባ ተስፋዬ ብቅ ብለው «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ ሁላችንም ብድግ ብለን «ጤና ይስጥልኝ አባባ ተስፋዬ!» እንላለን። ያዩናል ብለን ነው። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ሳይነሳ ቀረ። «አይተውሃል፣ ለሚቀጥለው ስምህን ይጠሩታል» እያልን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳነው። በሚቀጥለው ከሁላችንም ቀድሞ ተነሳ።

ጥያቄ፦ «ንጉሡን የጣላቸው ቴሌቪዥን ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?»

የጣላቸውስ ደርግ ነው። ከየካቲት 1966 ጀምሮ ወታደሩም ተማሪውም መምህሩም ታክሲ ነጂውም ሲነሳ ከርሟል። ቴሌቪዥኑ የመጨረሻዋን ምሽት ነው የሠራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት በአገሩ ቴሌቪዥን ታይቶ ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር። ደርግ ያንን ፊልም ወሰደ። በመሀል በመሀሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ ከተተበት። ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳየውንም ከተተበት። ከዚያ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በአዲስ ዓመት ቀን፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። አጥንቱ የወጣ ሕፃን ይመጣል፤ ወዲያው የተጫነ ገበታ ይከተላል። አንድም ቃል ባይነገርበት ይናገራል። ንጉሡም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መኮንኖቹ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ከዙፋን መውረዳቸውን አነበቡላቸው። በቮልስዋገን ወሰዷቸው።

ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነው። ግን ያ ጥቂት ቤት እንደ እትዬ ቤት ነው፤ ሠፈሩን ሁሉ ይይዛል።

ጥያቄ፦ «ከለር መቼ ገባ? አባቴ ‹ለኢሠፓ ምሥረታ ነው› ይላል። ቀልድ መሰለኝ።»

ቀልድ አይደለም። መስከረም 1977 ነው። የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ምሥረታ ባንድ ላይ ሲከበር መደበኛው የከለር ሥርጭት ተጀመረ። በዓሉን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር። ጣቢያው በዘውድ በዓል ተወለደ፤ በአብዮት በዓል ቀለም አገኘ። እንግዳ ሲመጣ ነው ግድግዳው የሚቀባው።

ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን የነበረው ሰው ግን አልተቸገረም። የከለሩን ሥርጭት የድሮውም መሣሪያ ይቀበለዋል፤ ቀለሙን ትቶ ምስሉን ያሳያል። እትዬ ይሄ አልዋጥ አላቸው። መስተዋቱ ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ ለጠፉበትና «የኔም ከለር ነው» አሉ። ለወራት አባባ ተስፋዬን ሰማያዊ አድርገን አየናቸው።

እስካሁን ሳስቅ ቆየሁ፤ ይሄኛው ግን አያስቅም። ያ መስከረም ወሎና ትግራይ ውስጥ ሰው በረሃብ እያለቀ ነበር። አብዮት አደባባይ ሰልፉ በቀይና በቢጫ ደምቆ ሲታይ ረሃቡ አይታይም፤ መንግሥት በዓሉ ሳያልፍ ወሬው እንዲወጣ አልፈለገም። ዓለም ደንግጦ የነቃው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። ቢቢሲ የማይክል በርክን ዘገባ፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከኮረም በቀረጸው ምስል ባሳየ ጊዜ። በ1967 የንጉሡን ጉድ ለማውጣት ረሃብን በስክሪን ያሳየ መንግሥት፣ ልክ በዐሥር ዓመቱ የራሱን ረሃብ ከዚያው ስክሪን ደበቀ። ስለ ኢቲቪ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ ሌላ አልመርጥም።

ጥያቄ፦ «ኢቲቪ ነው ኢቢሲ? ወይስ ኢሬቴድ?»

ሦስቱም። በ1987 ሬዲዮኑና ቴሌቪዥኑ በአንድ ድርጅት ሥር ሆኑ፤ ኢሬቴድ የምንለው እሱን ነው። በ2006 ኮርፖሬሽን ሆነና ኢቢሲ ተባለ። በኋላ ቻናሎቹ ተመልሰው ኢቲቪ ዜና፣ ኢቲቪ መዝናኛ እየተባሉ መጡ። እናቴ ግን መሀል ላይ የተደረገውን ሁሉ ሳትሰማ ከመጀመሪያም «ኢቲቪ» እንዳለች ናት።

ጥያቄ፦ «የቴሌቪዥን ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ሰው ቴሌቪዥኑን ይደብቅ ነበር የሚባለው ተጋኗል?»

እኔ ያደግኩበት ሠፈር አልተጋነነም። ከአልጋ ሥር የገባ አለ፤ ጋቢ ተደርቦበት እንደ ታማሚ የተኛ አለ። ጣሪያ ላይ የቆመውን አንቴና ግን ማንም አያስታውሰውም ነበር።

ጥያቄ፦ «እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኢቢኤስ እኛ ሠፈር ነው የተጀመረው ብዬ ጉራ ልንዛ?»

ንዛ፣ ወንድሜ። በ2008 በፈረንጅ አቆጣጠር እዚያው ሜሪላንድ ነው የተቋቋመው፤ አዲስ አበባም ስቱዲዮ አለው። በመንግሥት ጣቢያ ብቻ ላደገ ሰው፣ እሑድ ከሰዓት በአማርኛ የሚያወራ ሌላ ጣቢያ መኖሩ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጥያቄ፦ «ቻናሎቹ ወደ ኢትዮሳት ከሄዱ ወዲህ ዲሼ ወደ ኋላው ተንጋሏል። ድሮ ቀጥ ብሎ ነበር የሚቆመው። ሠሪው አበላሽቶብኝ ይሆን?»

አላበላሸም። ድሮ የምንከታተለው ናይልሳት ወደ ምዕራብ ርቆ ነው ያለው፤ 7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ከኮትዲቯር በስተደቡብ ካለው ባሕር በላይ። ከእኛ ሲያዩት ዝቅ ያለ ስለሆነ ዲሹ ግድግዳ መስሎ ይቆማል። ኢትዮሳት የሚመጣበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ በላይ፣ በሲሸልስ በኩል። ያ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ወደ አናታችን ይጠጋል። ስለዚህ ዲሹ ፊቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዙሮ ቀና ማለት አለበት። ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ምስሉ ቢቆራረጥ አትደንግጥ፤ ሞገዱን ዝናቡ ስለሚውጠው ነው። ሲያባራ ይመለሳል።

የእኔን ያዞረልኝ የእህቴ ልጅ ነው። እሱ ቆርቆሮ ላይ፣ እኔ ሳሎን በር ላይ። «አሁንስ?» ይላል። «ትንሽ ወደ ግራ!» እላለሁ። «አሁንስ?» «መጣ! መጣ! በቃ እንዳትነካው!»