ስለ ውሃ ታሪፍ ጠይቁኝ፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎች

ሰላም ለሁላችሁ። የከተማ ውሃ ሂሳብ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን ጠያቂው ስለበዛ ለሁሉም እዚሁ ልመልስ። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው እንጂ የከተማው ታሪፍ አይደሉም።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። ጎረቤታችን ባለ ቪላ ነው፤ ወላሂ ከእኛ በርካሽ ይቀዳል። ይሄ ፍትህ ነው?

አይደለም እህቴ። ታሪፉ በእርከን ነው የሚጨምረው። ትንሽ የተጠቀመ በርካሽ፣ ብዙ ያፈሰሰ በውድ ይክፈል ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲም የከተማ ታሪፍ ከፍጆታ ጋር እያደገ እንዲሄድ ይላል። ሐሳቡ ደግ ነው። ቆጣሪው ግን ውሃውን እንጂ ሰውን አይቆጥርም።

እስቲ እናስላው። በወር እስከ 5 ሜትር ኪዩብ እያንዳንዱ በ20 ብር፣ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ በ40 ብር ይሁን። ቪላው 4 ሜትር ኪዩብ ቢጠቀም 80 ብር ይከፍላል። እናንተም በየቤቱ 4 ብትጠቀሙ ድምሩ 24 ነው። ቢሉ 860 ብር ይመጣል፤ ለስድስት ሲካፈል 143 ብር። ውሃው እኩል፣ ክፍያው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

እኔ ያደግኩበት ግቢ ቧንቧው በቁልፍ ነበር የሚዘጋው። ቁልፉ ከባለቤቲቱ መቀነት አይለይም። ማን ስንት ጀሪካን እንደቀዳ በሩ ላይ በከሰል ይሰመራል። ቢል የመጣ ቀን ያ መስመር ስንት ጎረቤት አኳርፏል! ጥፋቱ ግን የማንኛቸውም አልነበረም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቆጣሪው ስንት ቤተሰብ እንደሚያገለግል በቀበሌ ይረጋገጥና እርከኑ በዚያው ይባዛ። የመጀመሪያው እርከን 5 መሆኑ ቀርቶ 30 ይሆናል፤ ቢላችሁም ወደ 480 ይወርዳል። ስድስታችሁም ፈርማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ቆጣሪ አንባቢ ሦስት ወር ጠፍቶ የሁሉንም በአንድ ቢል አመጣብኝ።

ይሄም ያው እርከን ነው ወንድሜ። በወር 4 ብትጠቀም የሦስቱ ወር 240 ብር ነበር። 12ቱ እንደ አንድ ወር ሲቆጠር 380 ይሆናል። 140 ብሩ ባልሠራኸው ጥፋት የመጣ ነው። «ለሦስት ወር ተከፋፍሎ ይሰላልኝ» በል። ከአሁን በኋላ ደግሞ በየወሩ ቆጣሪህን በስልክህ ፎቶ አንሳ።

አየር ቆጣሪ ያዞራል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መስመሩ ውስጥ የተጠራቀመውን አየር እየገፋ ይመጣል። መስመሩ ላይ የአየር ማስወጫ ቫልቭ ያስፈልጋል።

እኛ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ነን። ደሴ ዳገት ላይ ናት። ታሪፉ ለምን አንድ አይሆንም?

ፖሊሲው ታሪፍ እንደየቦታው ይውጣ ስለሚል ነው። ውሃ ዳገት የሚወጣው በመብራት ነው። 1 ሜትር ኪዩብ ውሃ 100 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት፣ የፓምፑ ብክነት ሲጨመርበት፣ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። «እንግዲያው ጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱ ላይ ያለው ነዋሪ የበለጠ ይክፈል» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። በፍጹም አልስማማም። ከፍታ ላይ ያለ ሰው ውሃ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። የፓምፑን ወጪ ከተማው በጋራ ይሸከመው።

እኛ ቦኖ ነው የምንቀዳው። ታሪፍ አይመለከተንም አይደል?

እማማ፣ ከሁሉም በላይ የሚመለከተው እርስዎን ነው። 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1 ሜትር ኪዩብ ይሞላል። ጀሪካኑ 2 ብር ቢሸጥ ሜትር ኪዩቡ 100 ብር መጣ ማለት ነው፤ የቪላው አምስት እጥፍ። ተሸክመው የሚሄዱበት ድካም ሳይቆጠር! የቦኖ ዋጋ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ይጠይቁ፤ ጎረቤትም ያስተባብሩ።

የመብራትስ?

እሱ በፌዴራል ደረጃ ነው የሚወሰነው። የከተማ አስተዳደሩን ብንጠይቅ ለውጥ አናመጣም።

አዲስ የውሃ ታሪፍ ለውይይት ቢቀርብ ምን እንበል?

አብሽሩ፣ ብዙ ማወቅ አያስፈልግም። ከተመረተው ውሃ ስንት እጁ መንገድ ላይ ፈሶ እንደሚቀር ጠይቁ። የፈሰሰው በእኛ ቢል ውስጥ ተደምሮ እንደሆነም ይነገረን። ከዚያ ስለ ጋራ ቆጣሪው አንሱ፤ መልሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።