ቴስተሩ 4 ቮልት እያሳየ ባትሪው የማይሞላው ለምንድን ነው?

ከድሬዳዋ ሐረር የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ባትሪዬ ጠዋት ጠዋት ስለሚደክም ከኋላው ሾክ አብዞርበር ጎን የአሮጌ ስፒከር ማግኔቶች በብረት ዘንግ ላይ ደረደርሁ፤ በዙሪያቸው ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ላይም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሽቦ ጠቀለልሁ። በእጄ ስነቀንቀው ቴስተሩ 4 ቮልት ያሳያል። ከባትሪው ጋር ሳገናኘው ግን ለውጥ የለም። የዘይቱን ሾክ አውጥቼ ይህን ብቻ ባስረውስ?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ እንዳታወጣው! በደንገጎ ቁልቁለት ጎማው አስፋልቱን ለቅቆ እንዳይዘል የሚይዘው የዘይቱ ሾክ ነው። አንተ የሠራኸው ግን ዝላዩን የሚገታው በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲፈስ ብቻ ነው። ሽቦው የተበጠሰ ዕለት ሾክ በሌለው መኪና ሰው ጭነህ ትወርዳለህ።

ማግኔቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ የሚሰጥህ ተለዋዋጭ ጅረት ነው፤ ባትሪ ደግሞ ቀጥታ ጅረት ይፈልጋል። ጥቅሉን ያለ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ካገናኘኸው ባትሪው ራሱ በሽቦው በኩል ይፈስሳል፤ ሽቦውም ይግላል። አራት ተራ ዳዮድ ብታስገባ 1.4 ቮልት ገደማ ይበሉና 2.6 ይቀርሃል። የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ነው። ከታችኛው ሮቶ ውኃ ወደ ላይኛው በራሱ አይወጣም፤ ቮልቴጅ የሚያሳድግ ካርድ መሃል መግባት አለበት።

እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው ግን አጠቃለልህን ነው። ማግኔቶቹን እንዳገኘሃቸው ከደራረብሃቸው ተሳስበው እንደ አንድ ረጅም ማግኔት ይሆናሉ፤ ኃይሉ በሁለቱ ጫፎች ብቻ ይወጣል። ተመሳሳይ ዋልታዎችን ፊት ለፊት አድርግ፣ በየመካከላቸው የብረት ቀለበት አስገባ፤ ያኔ ኃይሉ ወደ ጎን፣ ወደ ሽቦው ይወጣል። ነገር ግን በአንድ ቀለበት ኃይሉ ወደ ውጭ ሲሄድ በቀጣዩ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ የተጠቀለለ ረጅም ሽቦ ግማሹ ያመነጨውን ግማሹ ያጠፋዋል። በየቀለበቱ ልክ አጫጭር ጥቅሎች ሥራና ጎረቤታሞቹን ገልብጠህ አያይዛቸው። ዘንጉም ብረት መሆን የለበትም፤ ናስ ይሁን።

ከዚያ የ10 ኦም ሬዚስተር አስረህ ለካ። 4 የነበረው 2 ቮልት ከሆነ ያገኘኸው 0.4 ዋት ነው። ትንሽ የስልክ ቻርጀር እንኳ 5 ዋት ይፈልጋል።

ሐሳቡ ግን ከንቱ አይደለም። የመኪና አምራቹ አውዲ በ2016 ባሳየው፣ ከጎማ ንዝረት ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ የሙከራ ሥርዓት በጀርመን መንገዶች በአማካይ ከ100 እስከ 150 ዋት አግኝቷል፤ በሸካራ መንገድ 613፣ በአዲስ አስፋልት ግን 3 ዋት ብቻ። ያውም ከመላው መኪና! የሐረር መንገድ አስፋልት ነው። 60 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ ደግሞ ከ800 ዋት በላይ ያመነጫል።

ስለዚህ የባትሪህን ድካም ሌላ ቦታ ፈልገው። በድሬ ሙቀት የባትሪ ውኃ ቶሎ ስለሚተን ክዳኑን ከፍተህ እይ፤ ሳህኖቹ ከተጋለጡ የተጣራ ውኃ ጨምር፤ የቧንቧ ውኃ አይሆንም። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ጫፎች ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካላገኘህ የዲናሞውን ቺንጊያ፣ ካርቦኑንና የቻሲውን ሽቦ ፈትሽ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ቁልፉን አውጥተህ፣ በሮቹን ዘግተህ፣ የኔጌቲቩን ገመድ ንቀልና ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርገህ በገመዱና በባትሪው ጫፍ መሃል አስገባ። ከ0.05 አምፔር በላይ ካነበብህ ሌሊቱን የሚበላ ነገር አለ፤ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጣህ የትኛው ላይ ቁጥሩ እንደሚወርድ ተመልከት። ሬዲዮው ከተገጠመበት መስመር ጀምር።