"ድምፃችንን አላገኘንም" ላልከኝ የኮምቦልቻ ጊታሪስት

"ጋሼ" ብለህ የጻፍክልኝ ልጅ፣ እንዴት ሰነበትክ? ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከተሉን ዋና ዋናውን ላስቀምጥ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ትማራለህ። ለመመረቅ ሁለት ዓመት ይቀርሃል። አምስት ሆናችሁ ባንድ መሥርታችኋል፤ የምትጫወቱት ዜማ ያለው ሃርድ ሮክ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ትመጣለህ። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ ትለማመዳላችሁ። የራሳችሁ ሰባት ዘፈን አላችሁ። የሰማችሁ ሰው ሁሉ ግን "ጎበዞች ናችሁ፣ የፈረንጅ ባንድ ትመስላላችሁ" ይላችኋል። ኪቦርድ ተጫዋቻችሁ የወሎ ቅኝት ይግባ ባይ ነው። ድምፃዊው በእንግሊዝኛ እንቀጥል ይላል። በዚህ መሃል አንድ ሆቴል አርብና ቅዳሜ ማታ የታወቁ ዘፈኖችን ተጫወቱልኝ ብሏል። አንተም "ትምህርቱን ላቋርጥ ወይ?" ብለህ ጠየቅከኝ።

አታቋርጥ።

ይህን የምለው ሙዚቃ ሥራ አይደለም ብዬ አይደለም። ሙዚቃ ሥራ ነው፤ ቤተሰብም የሚያስተዳድሩበት ሰዎች አሉ። ግን ደብዳቤህን መልሰህ አንብበው። ጊዜ አጠረን አላልክም። ድምፃችንን አላገኘንም ነው ያልከው። ሰባቱን የሳምንት ቀናት ብትለማመዱ አሁን የምታሰሙትን ነገር ይበልጥ አሳምራችሁ ትጫወቱታላችሁ እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። ስኮርፒዮንስ ጀርመን ውስጥ በ1965 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1972 ነው። ሰባት ዓመት ማለት ነው። አንተ የጠየቅከኝ ስለ ሁለት ዓመት ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ልግባ። የሙያ አማካሪ ስለ ዜማ ምን አገባው እንዳትለኝ፤ ሙያህ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ጆርኒ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ ታውቀው ይሆናል። በ1973 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ተመሠረተ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አልበሞች ላይ ረጃጅም የመሣሪያ ጨዋታ ይበዛል። ተጫዋቾቹ በጣም የተካኑ ነበሩ፤ ሽያጩ ግን ደካማ ነበር። በ1977 ስቲቭ ፔሪ የሚባል ድምፃዊ ገባ። በ1978 የወጣው አልበም ላይ ዘፈኖቹ አጠር አሉ፣ አዝማቹ ከፍ አለ፣ ጊታሩ ለድምፁ ቦታ ለቀቀ። ባንዱን ዓለም ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጊታሪስቱ አልተቀየረም። የተቀየረው ዘፈኑ የሚሠራበት መንገድ ነው፤ ከሪፍ (ከሚደጋገም አጭር የጊታር ዜማ) ተነስተው ድምፅ ይለጥፉበት የነበሩት ሰዎች ከድምፁ መነሳት ጀመሩ።

እናንተስ ከምን ትነሳላችሁ? አንተ ሪፍ ታመጣለህ፣ ድራሙ ይከተላል፣ ግጥሙ መጨረሻ ላይ ይገባል። ራስህ ነህ የጻፍክልኝ። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት እላለሁ። ለሁለት ወር ያህል አዝማች ሳይኖር ጊታር አይነካ። ድምፃዊው ያለ ምንም መሣሪያ፣ እያጨበጨበ ብቻ፣ አዝማቹን ዘፍኖ ያሰማችሁ። በባዶው ካልያዛችሁ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው ዲስቶርሽን አያድነውም።

ቋንቋውን በተመለከተ ፍርዴ ግልጽ ነው፤ በአማርኛ ዝፈኑ። ድምፃዊያችሁ እንግሊዝኛው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን ደሴ ላይ ያደገ ልጅ የሚያለቅሰውም የሚቆጣውም በአማርኛ ነው። ችግሩ አማርኛ በሮክ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ያንን ሳታውቁ ስትሞክሩት "አይሄድም" ብላችሁ ትታችሁታል ብዬ እገምታለሁ።

አንደኛው ጠባይ መጥበቅና መላላት ነው። "አለ" ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ይኖራል ማለት ነው። የሚጠብቅ ድምፅ ጊዜ ይፈልጋል። ፈጣን ሪፍ ላይ ስትጭነው ያንን ጊዜ ያጣል፤ ያኔ ቃሉ ወይ ትርጉሙን ይቀይራል ወይ የባዕድ ቃል ይመስላል። ስለዚህ ፈጣኑ ቦታ ላይ የሚላሉ ቃላትን ፈልጉ፤ የሚጠብቀውን ከበድ ያለው ምት ላይ አሳርፉት። ሁለተኛው የአዝማቹ መጨረሻ ነው። ዜማዊ ሮክ ላይ ድምፃዊው የመጨረሻውን ቃል ይዞ ይጮሃል። "ልብ" ብሎ ይዞ ለመጮህ ይሞክር እስቲ። አፉ ጠቦ ይቀራል። "ልቤ" ሲል ግን አፉ ተከፍቶ እስከፈለገበት ይሄዳል። ስንኛችሁ በሳድስ ሲዘጋ ጉሮሮ ይታነቃል፤ በራብዕ፣ በኃምስ ወይም በሳብዕ ሲዘጋ ይለቀቃል። ግጥም ጻፊያችሁ ይህን አንድ ነገር ቢይዝ ግማሹ ችግራችሁ ይቀላል።

ቅኝቱ ላይ ኪቦርድ ተጫዋቻችሁ ትክክል ነው። ግን እንደ ቅመም ከላይ ይነስነስ ካለ አልስማማም። አንድ ነገር ላሳይህ። ጊታር ስትጀምር መጀመሪያ የተማርካት ባለ አምስት ድምፅ ማይነር ስኬል ትዝ ትልሃለች? ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። የሃርድ ሮክ ሶሎ አብዛኛው በእሷ ላይ የተሠራ ነው። ሙዚቀኞቻችን ባቲ ማይነር የሚሉት ቅኝት ድምፆቹ እነዚሁ ናቸው። ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ በምሥራቅ በኩል ወረድ ስትል የምታገኛት ከተማ ናት። ማለቴ፣ ከሩቅ አገር ተማርኩት ያልከው ነገር በደጅህ ነበር።

ታዲያ ድምፆቹ አንድ ከሆኑ ለምን ፈረንጅ ትመስላላችሁ? አካሄዱ ስለሚለይ ነው። ዜማው የት ያርፋል? ከየትኛው ድምፅ ወደ የትኛው ተንሸራትቶ ይገባል? ምቱስ እንደ ቺክቺካ በስድስት-ስምንት ይወዛወዛል ወይስ በአራት-አራት ይረግጣል? ይህን ከመጽሐፍ አታገኘውም። ደሴ ውስጥ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ፈልገህ አንድ ከሰዓት አጠገቡ ተቀመጥ። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያላት፤ ልዩነቱ ሁሉ ከጣት ነው የሚመጣው። ጣቱ ድምፁን እንዴት እንደሚያጎብጠው እይ። ከዚያ ያንኑ በጊታርህ ክር እየጎተትክ ሞክር። ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሠ አምባሰል የሚባለውን ቅኝት ስትጫወት የምትይዘውን ድምፅም ደጋግመህ ስማ፤ የት ላይ እንደምትቆይና የት ላይ ቶሎ እንደምታልፍ በወረቀት ያዝ።

አምባሰል ለእናንተ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ ያለው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ያ ጥበት በከባድ ጊታር ሲመታ ጨለም ያለ ግርማ አለው። መነሻውና አምስተኛው ድምፅም ስላለ ሁለቱን አንድ ላይ የምትመታበት ፓወር ኮርድህ ይቀመጥበታል። አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት ግን በጥንቃቄ ያዙት። አምስተኛው ድምፅ በግማሽ ዝቅ ስለሚል፣ የለመድከውን ፓወር ኮርድ መነሻው ላይ ስትመታ ከቅኝቱ ትወጣለህ። እዚያ ላይ ኮርድ ትተህ በነጠላ ድምፅ ሂድ። በጠቅላላው፣ ዲስቶርሽን ሦስተኛውን ድምፅ ያደፈርሰዋል። ስለዚህ አንተ መነሻውንና አምስተኛውን ያዝ፤ የቀረውን ለኪቦርዱና ለድምፃዊው ተውላቸው። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ድምፆች ላይ ስለምትጫወቱ ነው የሚጨናነቀው።

ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ አገራችን ውስጥ ሮክና የኢትዮጵያ ዜማ አብረው መድረክ ላይ መቆም እንደሚችሉ ሁላችንም አየን። ስሟቸው፣ ተማሩባቸው። ግን አራት መሪ ድምፃዊ ይዘው ነበር የተነሱት፤ እናንተ አንድ ነው ያላችሁ። የእነሱን ቅንብር ብትገለብጡ ባዶ ይሆንባችኋል።

የሆቴሉን ነገር በአጭሩ። ተቀበሉ፤ ግን ለቅዳሜ ማታ ብቻ። አርብን ለትምህርትህ ተው። የሰው ዘፈን መጫወት ነውር የለውም። ሰው ፊት ሦስት ሰዓት መቆም መጋዘን ውስጥ የማይገኝ ትምህርት ነው። ስትዋዋሉ በየምሽቱ ሁለት የራሳችሁን ዘፈን እንድታስገቡ ጠይቁ። የፈተና ሳምንት ዕረፍት ይሁን። ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም፣ ሳውንድ ሲስተሙ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። ገቢውንም እንደ ቋሚ ደመወዝ እንዳትቆጥሩት። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ይበዛል፤ በዐቢይ ጾምና በረመዳን የእኛ አካባቢ ሥራ ይቀዘቅዛል።

አንድ ነገር ግን ከሆቴሉም በፊት ጨርሱ። እኔ ተማሪ ሳለሁ አራት ሆነን የሙዚቃ ክበብ ውስጥ እንጫወት ነበር። አንድ ዘፈናችን ተወዳጅ ሆነ። ዜማው የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው ተባለ። ከአራታችን ሁለቱ እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። ገንዘብ እንኳ አልነበረውም፤ ስም ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰባቱን ዘፈኖች አንድ በአንድ አንሱና ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን ብላችሁ ጻፉ፤ አምስታችሁም ፈርሙ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሥራው የራስህ ወጥ ሥራ ከሆነና ከተቀረፀ ጥበቃ ይሰጠዋል። ለጥበቃው መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ጭንቅላትህ ውስጥ ያለ ሐሳብ ግን ጥበቃ የለውም። በስልክም ቢሆን ቅረፁት፣ ቀኑንም ያዙ።

ስለ ትምህርትህ ደግሞ፣ የምትማረውና የምትወደው የተለያዩ አድርገህ ነው የጻፍክልኝ። ይህ ትንሽ አሳዘነኝ። ዲስቶርሽን ፔዳልህን ክፈተው። አንድ ኦፕ-አምፕ አጉልቶት፣ ሁለት ዳዮድ ጫፉን የሚቆርጡት ሞገድ ነው። ሚክሰሩ ላይ የምታዞረው ኢኳላይዘር ክፍል ውስጥ ያየኸው ፊልተር ነው። ጊታርህ ላይ የምትሰማው እዝዝታ ከመብራቱ የሚመጣ 50 ኸርዝ ነው፤ ሃምበከር የሚባለው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው የጊታሩ ክፍል) ሁለት ጥቅል ሽቦውን በተቃራኒ አድርጎ ያጠፋዋል። ደሴም ኮምቦልቻም ሰርግ ላይ፣ ስብሰባ ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ሲያፏጭ ስንት ጊዜ ሰምተሃል? ያንን የሚያስተካክል ሰው በየከተማው ይፈለጋል። የመመረቂያ ፕሮጀክትህን በድምፅ ላይ አድርገው፤ አንድ አነስተኛ አምፕሊፋየር ሠርተህ ለባንዱ አስረክብ። ስትመረቅ ባንዱ ገና ባይከፍልህ እንኳ ከመድረኩ ሳትርቅ እንጀራ የምትበላበት ሙያ ይኖርሃል።

አባትህ ጊታሩን አይወዱትም ብለሃል። አትከራከራቸው። የዚህን ሴሚስተር ውጤት ይዘህ ግባና ቅዳሜ ማታ ሆቴል መጥተው እንዲሰሙህ ጋብዛቸው። በአማርኛ ከዘፈናችሁ ቃሉን ይሰሙታል።

የባንዱን ስም እንቀይር ወይ ላልከው፣ አሁን አትቀይሩ።

ከሰባቱ ዘፈን አንዱን መርጣችሁ በዚህ መንገድ እንደገና ሥሩት። መጀመሪያ ድምፃዊው በጭብጨባ ብቻ ሲዘፍነው፣ ቀጥሎ ባንዱ ሲጫወተው፣ ሁለቱንም በስልክ ቀርፀህ ላክልኝ። ጥራቱ ግድ የለም፤ ቃሉ ከተሰማኝ ይበቃኛል።